ጫማዎች የሚያርፉበት ቀን

እህቴ ስትራመድ በግራ እግሯ ወደ ውጭ ትጋደላለች፤ ሶሏ ሁልጊዜ የሚያልቀው በዚያ ጠርዝ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠግንላት አንድ ቀን «እጅሽ ይባረክ» ብላኝ አታውቅም። ጫማውን ጠረጴዛዬ ላይ ጥላ ትሄዳለች፣ በማግስቱ መጥታ አንጠልጥላው ትሄዳለች፣ አለቀ። ስለዚህ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሱቄ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ስባ ስትቀመጥ፣ ነገር ይዛ እንደመጣች ወዲያው ገባኝ።

«ወጣልኝ» አለች።

«ምኑ?»

«መጽሐፌ ነዋ።»

ከቦርሳዋ ሰፊና ቀጭን መጽሐፍ አውጥታ ማስቲሹና ወስፌው መሃል አኖረችው። እህቴ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ እኔንም የምታናግረኝ እጁን አጣጥፎ እንደተቀመጠ ሕፃን ነው። ለተማሪዎቿ ተረት እንደምትጽፍ ሰምቻለሁ፣ ምን እንደምትጽፍ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ሽፋኑ ላይ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ተስሏል። ሳጥኑ ውስጥ ጫማዎች ዐይንና አፍ አውጥተው ያዛጋሉ።

ሳጥኑን አወቅኩት። በዚያች ደቂቃ እግሬን የጫንኩበት ነበር።

የአባባ የዕቃ ሳጥን ነው። አባባ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ይህን ሱቅ፣ ከጀርባው ያለውን ቤትና ይህን ወገብ የሚቆርጥ ሙያ ለእኔ ትቶ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። በሕይወት እያለ በዓል በመጣ ቁጥር ጠዋት ተነስቶ የቤቱን ሰው ሁሉ ጫማ ይሰበስባል። እንግዳ ካለ የእንግዳውንም አይምርም። ሳጥኑ ውስጥ ደርድሮ ይቆልፍና «ዓመቱን ሙሉ ተሸክመውናል፣ ዛሬ ይረፉ» ይላል። እስኪመሽ ድረስ ማንም ከደጅ አይወጣም። በካልሲ ስንንሸራተት፣ ስንላፋ እንውላለን። ጎረቤት ይስቃል፤ «የጫማ ሰፊ ቤት በዓል» ይሉናል። ከውጭ ለሚያየው ደስ የሚል ልማድ ነው። እኔ ግን ከውስጥ ነበርኩና ልንገራችሁ፤ አባባ ጫማ መቆለፍ የጀመረው እናቴ ጥላው እንዳትሄድ ነው።

እህቴ ይህን አታውቅም። ሽፋኑን ስገልጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ለጫማዎች ዕረፍት ለሰጠው ለአባቴ» ይላል። ጥርሴን ነክሼ ገለጥኩት። ጥሩ ነው፣ መቼም ክፉ ነው አልልም፤ ቡትስ ጫማው ያንኮራፋል፣ ትንሿ ሰንደል ጫማ እናቷ ጫማ ላይ ተለጥፋ ትተኛለች። ስድስተኛና ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። በአንዱ በኩል ሥዕል አለ፤ ሁለት ሴት ልጆች መንገድ መሃል ቆመዋል፣ ትልቋ የሴት ጫማ አቅፋለች። በሌላው በኩል እንዲህ ይላል፦

«እናትየው ትልቋን ልጅ ጠርታ ‹ይህን ጫማ ማዶ ላሉት ጫማ ሰፊ ውሰጂልኝ፤ ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪ› አለቻት። ትልቋ ትንሿን አስከትላ ወጣች። መንገዱ መሃል ስትደርስ ቆመች። ‹የኛ አባት እያለ?› አለች። ጫማውን አቅፋ ወደ አባቷ ሮጠች። አባትየው ጫማውን ገልብጦ አየና ‹ይኼ ጫማ ደክሞታል፣ ማረፍ አለበት› አለ።»

እህቴ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ትናንት የበላውን አያስታውስም፤ ይቺ ግን ቀሚሴን ይዛ ኩስ ኩስ እያለች የተከተለችኝን፣ ያልኩትን ቃል ሳይቀር ቋጥራ ይዛዋለች። ቋጥራም አልቀረች፣ አሳተመችው።

«እንዴት ነው?» አለች።

«ይኼን ገጽ አውጪው።»

«ታትሟል እኮ፣ እትዬ። ምን ሆነ?»

«አያምርም።»

«እኔ የሠራሁት ነገር መቼ አምሮሽ ያውቃል?» ተነሳች። «ይኼኛው የእማዬ ነው፣ ስሟን ጽፌበታለሁ። እስከ በዓሉ ደብቂልኝ። በዓሉ ቀን ሳጥኑን እንደ ድሮው እንቆልፍና እኔ አነብላታለሁ።»

«እማዬ ሳጥኑን አትወደውም።»

«አባባን ስለሚያስታውሳት ነው።»

«እንግዲያው ስታነቢ ስድስትና ሰባትን ዝለያቸው።»

«አልዘልም። ቅናት ነው የያዘሽ፤ መጽሐፉን ላንቺ ስላላደረግኩት ነው።» በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «ደግሞ ግራው ተረከዜ ተበልቷል፣ ነገ እልክልሻለሁ» አለች። ዐይኗን በጨው ያጠበች ናት ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አላልኳችሁም እንዴ? እንግዲያው አሁን ብያለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ እናገረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እማዬ በጓዳ ጠርታ ጥቁር ጫማዋን ሰጠችኝና ማዶ ላሉት፣ ባለ መነጽሩ ለምንላቸው ጫማ ሰፊ እንዳደርስ ነገረችኝ። ወፍራም የጎማ ሶል ይግባበት፣ ለበዓሉ ጠዋት ይድረስ፣ ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ወጣሁ። መንገዱ መሃል ስደርስ ግን የጫማ ሰፊ ሚስት ጫማ ሌላ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሲሄድ ሰው ቢያይ ምን ይላል የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አባባ ተዋረደ ማለት ነው። አፈርኩ። ተመለስኩና ጫማውን ለአባባ ሰጠሁት፤ የተባልኩትንም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አባባ ሶል አንብቦ ሰውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ሚስቱ ከዚህ ሰፈር ወጥታ አታውቅም፤ ለሰፈር ስስ ሶል ይበቃል። ወፍራም ጎማ የሩቅ መንገድ ነው። ቁጭ ብሎ ሶሉን አስገባ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ያማረ ስፌት ሲሰፋ አይቼው አላውቅም። በበዓሉ ጠዋት የሁላችንንም ጫማ ሳጥኑ ውስጥ ከቶ ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

እማዬ ጫማ ስትፈልግ በሩ ኋላ ያስቀመጠችው ቦርሳ ተደፋ። የአውቶቡስ ትኬት ወጣ። ልብሷ ወጣ፣ የሚጢ ልብስ ወጣ፤ እህቴን ያኔ ሚጢ እንላት ነበር፣ እማዬ አሁንም ትላታለች። ሹራቧ፣ ኮፍያዋ፣ አሻንጉሊቷ ሳይቀር። የኔ አንድ ካልሲ እንኳ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት፣ አልነበረም።

ያኔ ነው እማዬ ወደኔ ዞራ፣ «ጫማዬ እንዴት አባትሽ እጅ ገባ?» ያለችኝ።

«ባለ መነጽሩ አምጥተው ሰጡት» አልኳት።

አባባ እዚያው ቆሞ ነበር። አየኝና ዐይኑን ወደ መሬት አደረገ። ሚጢ ታለቅሳለች፣ ጫማዬ ለምን ታሰረ ትላለች። ዝም እንድትል ብዬ፣ «አልታሰረም፣ ዛሬ የጫማዎች በዓል ስለሆነ እያረፈ ነው» አልኳት። አባባ ቃሉን ወደደው። በሚቀጥለው ዓመት የራሱ አድርጎ ተናገረው። ቦርሳው ከዚያ ወዲያ በር ኋላ አልታየም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። በነዚህ ዓመታት ሁሉ እማዬ ለባለ መነጽሩ ሰላምታ ሰጥታ አታውቅም። ሲመጡ ካየች መንገድ ትቀይራለች። ሚስታቸው ሲሞቱ ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ ሲደርስ እሷ መስኮቷን ዘጋች። ሰውዬው መጀመሪያ ላይ ምን አጠፋሁ ብለው ሰው ላኩባት፣ ከደጅ መለሰችው። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ሶል እለጥፋለሁ። አባባም ሙያውን ያስተማረው እኔን፣ ሱቁንም የሰጠው ለእኔ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ስለዚህ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው የሱቁን በር ዘጋሁና የእማዬን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ገጽ ፊት ለፊት ማስቲሽ ቀባኋቸው፣ ገጠምኳቸው፣ የጫማ ፎርማ ጭኜባቸው አሳደርኳቸው። በማግስቱ አንድ ቅጠል ሆነው ነበር። እማዬ ዐይኗ ከደከመ ቆይቷል፣ ራሷ አታነብም። እህቴ ደግሞ ማተሚያ ቤቱ አበላሸው ብላ ስትነጫነጭ ትውላለች፤ ትነጫነጭ። በራሴ ኮራሁ።

በበዓሉ ቀን ምሳ እንደተበላ እህቴ የስድስት ዓመት ልጇን ወደ ሥራ አሰማራቻት። ባሏ ተረኛ ስለነበረ አልመጣም። ልጅቷ የሳጥኑን ቁልፍ በሪባን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጫማችንን መሰብሰብ ጀመረች። የናቷን ወሰደች፣ የኔን ወሰደች፣ አያቷ ዘንድ ስትደርስ እማዬ እግሯን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበች።

«የኔን ተዪው።»

«አያቴ፣ ደክሞታል እኮ። ይረፍ።»

«የኔ አልደከመውም።»

«እማዬ፣ ለልጅቷ ስትዪ» አለች እህቴ። እማዬ ለልጇ ያላደረገችውን ለልጅ ልጇ ታደርጋለች፤ አውልቃ ሰጠች። ሳጥኑ ሲቆለፍ ግን ፊቷን ቅጭም አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እህቴ መሃላችን ተቀምጣ በአስተማሪ ድምጿ ማንበብ ጀመረች። ቡትሱ አንኮራፋ። ሰንደሏ ተኛች። አምስተኛውን ገጽ ጨርሳ ስትገልጥ ስምንተኛው ላይ አረፈች። ወደ ኋላ ገለጠች፣ ወደ ፊት ገለጠች፣ በጥፍሯ ሞከረች።

«ተጣብቋል» አለች። «ማተሚያ ቤቱ ነው።»

«ዝለዪውና ቀጥዪ» አልኩ። «ማን ያውቃል።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች ልጅቷ።

አጠገቧ ስላልነበርኩ አፏን መያዝ አልቻልኩም። ብድግ አለች፣ ትራስ አቀፈች፣ ወለሉ መሃል ቆመችና ቃል በቃል አወረደችው። «ይህን ጫማ ማዶ ላሉት ጫማ ሰፊ ውሰጂልኝ፤ ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪ።» እያለች፣ ትራሱን አቅፋ ወደፊት ተራመደች፣ ቆመች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የኛ አባት እያለ?» ዞራ ሮጠችና ትራሱን እኔ ጭን ላይ ጣለችው። እህቴ አጨበጨበች።

እማዬ ከመስኮቱ ዞረች።

«እንደገና በዪልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ እንደገና አለችው፤ እንደገና ሮጠች፤ ትራሱ እንደገና ጭኔ ላይ መጣ።

«መጽሐፉን አምጪልኝ» አለች እማዬ። የተጣበቁትን ገጾች በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሸቻቸው፣ ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻቸው። ዕድሜ ልኳን ከጫማ ሰፊ ጋር የኖረች ሴት ናት። «ማስቲሽ» አለች። «አብዝተሽበታል። አባትሽ ስስ አድርጎ ነበር የሚቀባው።»

ትራሱን ከጭኔ ላይ አነሳሁት።

«ባለ መነጽሩ ናቸው ለአባትሽ የሰጡት ብለሽኝ ነበር» አለች።

«ብዬሽ ነበር።»

«እሳቸው እጅ ገብቶም አያውቅም።»

«አያውቅም።»

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እህቴ። «እማዬ፣ ተረት እኮ ነው።»

«አንቺ ዝም በዪ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት በሆዴ የያዝኩት በዚያች ሰዓት አፌ ላይ መጣ። «ቦርሳው ውስጥ የኔ ልብስ አልነበረም» አልኩ። «የሷ ነበር። አሻንጉሊቷ ሳይቀር ነበር። የኔ አንድ ካልሲ እንኳ አልነበረም።» አፈርኩ፣ ግን ተናገርኩት። እህቴ አንዴ እኔን አንዴ እማዬን ታያለች። መጽሐፏን ቀስ ብላ ከእማዬ ጭን ላይ አንስታ ዘጋችው።

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ልጄ ተሳስተሻል፣ ተመልሼ ልወስድሽ ነበር የምትለኝ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ብትዋሸኝም እቀበላት ነበር።

«አልነበረም» አለች። «አንቺ የአባትሽ ነበርሽ። ደግሞም አልተሳሳትኩም።»

ከዚያ ልጅቷን ጠርታ ቁልፉን ከአንገቷ ላይ ወሰደች። ጉልበቷን ይዛ አጎነበሰችና ሳጥኑን ከፈተች፤ በዳበሳ የራሷን ጫማ ብቻ አወጣች። ሳጥኑን መልሳ ቆለፈችው፣ ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተችው።

«ሂጂና ለሰውዬው ንገሪያቸው።»

«አሁን?»

«መቼ ልትነግሪያቸው ነበር?»

«ጫማዬስ?»

«ጫማ ዛሬ ያርፋል» አለች። «አንቺ ነሽ ያልሽው።»

በካልሲ ወጣሁ። ካልሲው በአውራ ጣቴ በኩል ተቀዷል፤ ጫማ ሰፊ ካልሲ የምትሰፋበት ጊዜ የላትም። በዓል ስለነበረ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ነው፣ የሚያየኝ ሁሉ እግሬን አይቶ ፊቴን ያያል። ማዶ ለመድረስ ሠላሳ እርምጃ ያህል ቢሆን ነው። መሃሉ ላይ፣ ያኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ፣ እግሬ ሊመለስ ፈለገ። አልተመለስኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ዞር ብል እማዬ በመስኮት ቆማለች።

ባለ መነጽሩ ራሳቸው ከፈቱ። እንደ ማንኛውም ጫማ ሰፊ መጀመሪያ ያዩት እግሬን ነው።

«እናንተ ቤት ዛሬም ጫማ ይቀማል እንዴ?» አሉ።

ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅ የኖረው እያወቀ ነው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ጫማው መንገድ መሃል ስለመመለሱ፣ በስማቸው ስለዋሸሁት፣ እማዬ ለምን ፊቷን ስታዞርባቸው እንደኖረች። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ ሰሙኝ። አላቋረጡኝም።

«ልጅ ነበርኩ» አልኩ በመጨረሻ።

«ልጅ ነበርሽ» አሉ። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ከዚያ አደግሽ። አባትሽን ፈርተሽ ነው ልበል? አባትሽ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ሚስቴ ከሞተች ስምንት ዓመቷ። እናትሽን በጣም ትወዳት ነበር፤ ምን ብለሃት ነው ብላ እኔን እንደጠረጠረችኝ ሞተች።»

ግቢ አላሉኝም፣ ሂጂም አላሉኝም፤ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስመለስ እማዬ የለችም። እህቴ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣለች፣ እሷም በካልሲ። «ጫማዋን አድርጋ ወጣች» አለችኝ። «የት ስላት መልስ አልሰጠችኝም። እትዬ፣ እኔንም ይዛኝ ልትሄድ ነበር?»

«አንቺን ብቻ» አልኳት።

አለቀሰች። አላባበልኳትም። አንዴ አባብዬአት የመጣውን አይተናል።

እማዬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰች፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ልትተኛ ገባች። የት ዋለች፣ አልተናገረችም። እህቴ መጽሐፉ ሁለተኛ ሲታተም አባባን ከመጀመሪያው ገጽ እንደምታወጣው ነገረችኝ። ማንን እንደምትተካበት አላውቅም፣ አልጠየቅኋትም። ጫማዋን ግን አሁንም እኔው ዘንድ ትጥላለች።

እማዬ ግን አትጥልም። እኔ የሰፈሩ ጫማ ሰፊ እያለሁ፣ ከሱቄ ጀርባ እየኖረች፣ ባለፈው ሳምንት ጥቁር ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅልላ በሱቄ ፊት አልፋ መንገዱን ተሻገረች። ደጃፌ ላይ ጫማ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እርስ በርስ ተያዩ። ባለ መነጽሩ በራቸው ላይ ወጥተው በሁለት እጃቸው ሲቀበሏት አየሁ።

ትናንት ተጫምታው ተመለሰች። ስታልፍ ቀና አላለችም፤ እኔ ግን ልማድ ነውና ዐይኔ ወደ እግሯ ሄደ። ስፌቱ ላይ እንከን ፈለግኩ፣ አጣሁ። ያስገቡላት ሶል ወፍራም ጎማ ነው። ማታ የቤቱን በር ልዘጋ ስሄድ በሩ ኋላ ያ የድሮው ቦርሳ ተቀምጧል። ወዴት ነው ብዬ ለመጠየቅ አፍ የለኝም።